ሰውነት የማይቀበለው እንግዳ

ከኒውዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ ተነስቶ ወደ አንታርክቲካ አቅጣጫ 465 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር የተጓዘ ሰው ኦክላንድ ደሴቶች ላይ ይደርሳል። የሚኖርባቸው ሰው የለም። ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ከምዕራብ እየመጣ ይገርፋቸዋል፤ በዳርቻቸው የበቀለው ደንም ከነፋሱ ብርታት ጎብጦና ተጠማዝዞ ነው የሚያድገው። በ1999 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለመጥፋት የተቃረቡ የቤት እንስሳት ዝርያዎችን የሚንከባከብ የኒውዚላንድ ማኅበር አባላት ውሾቻቸውን አስከትለው ወደዚህ መጡ። የመጡት አሳማ ሊይዙ ነበር። 17 አሳማዎችን ከነሕይወታቸው ይዘው፣ መርከብ ላይ ጭነው፣ ኢንቨርካርጊል ወደምትባለው የደቡብ ከተማ ተመለሱ። ከሴቶቹ መካከል የረገዙ ስለነበሩ መንጋው ሳይውል ሳያድር በረከተ።

የእነዚህን አሳማዎች የዘር አባቶች መጀመሪያ ወደ ደሴቱ ያመጣቸው አብርሃም ብሪስቶው የተባለ የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ ነው፤ ጊዜው 1807። በዚያ ዘመን በአካባቢው የባሕር እንስሳት የሚያድኑ መርከቦች ይመላለሱ ነበርና፣ መርከቡ ተሰብሮበት ደሴቱ ላይ የሚቀር ሰው የሚበላው እንዲያገኝ ታስቦ አሳማ ይለቀቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አሳማዎቹ ሥር እየቆፈሩ፣ ማዕበል የተፋውን የባሕር አረምና የሞተ ዓሣ እየለቀሙ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሌላ አሳማ ጋር ሳይገናኙ ኖሩ። ለደሴቱ ዕፅዋትና መሬት ላይ ለሚፈለፈሉ የባሕር ወፎች ግን ጠንቅ ሆኑ። ስለዚህ የአገሩ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጨርሰው እንዲጠፉ ይፈልጋል። የማኅበሩ ሰዎች ዓላማ ቢያንስ ዝርያው እንዳይጠፋ ጥቂቶቹን ማትረፍ ነበር።

በዚሁ አገር፣ በኦክላንድ ከተማ፣ እንደነዚህ ያለ ከዓለም የተነጠለ አሳማ የሚፈልግ አንድ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ።

ፕሮፌሰር ሮበርት ኤሊዮት በ1934 በአውስትራሊያዋ የአደላይድ ከተማ ተወለዱ። የአገራቸው ሰዎች የሚያውቋቸው ቦብ ኤሊዮት በሚለው ስም ነው። በ1970 በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የሕፃናት ጤና ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በተከታዩ ዓመትም የሕፃናትን ሕመም ለሚመረምሩ ሳይንቲስቶች ገንዘብ የሚያሰባስብና ዛሬም ድረስ ያለ ድርጅት እንዲቋቋም ረዱ። ስማቸውን በዓለም ሐኪሞች ዘንድ ያስተዋወቀው መጀመሪያ የስኳር ሕመም አልነበረም፤ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። ይህ ሕመም የቆሽትን ቱቦዎች በወፍራም ፈሳሽ ስለሚደፍን ወደ አንጀት መውረድ የነበረበት ንጥረ ነገር ወደ ደም ይሾልካል። ኤሊዮትና ባልደረቦቻቸው በ1979 እንዳሳዩት ከአራስ ልጅ ተረከዝ በተወሰደች ጠብታ ደም ይህንን ንጥረ ነገር ለክቶ ሕመሙን ገና በጠዋቱ ማወቅ ይቻላል። ዛሬ በብዙ አገሮች አራስ ልጅ ሁሉ የሚመረመርበት መንገድ ከዚህ የተነሣ ነው። እኚህ ሰው በዚህ ብቻ ቢቆሙ እንኳ ስማቸው በክብር የሚነሣ ነበር።

እሳቸው ግን ቆሽትን አልለቀቁትም።

ቆሽት ከጨጓራ ኋላ የተጋደመ፣ ከሌሎቹ የሆድ ዕቃዎች ይልቅ ስሙ እምብዛም የማይነሣ አካል ነው። አብዛኛው ክፍሉ ምግብ የሚያልም ፈሳሽ ያመነጫል። በመካከሉ ግን ተበታትነው የሚገኙ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን የሕዋስ ስብስቦች አሉ፤ በ1869 ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ በአጉሊ መነጽር አይቷቸው ስለነበር የላንገርሃንስ ደሴቶች ይባላሉ። ሁሉም ተሰብስበው ከቆሽቱ ክብደት ሁለት በመቶ ያህል እንኳ አይሞሉም። በውስጣቸው ቤታ የተባሉ ሕዋሳት አሉ፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እየለኩ፣ በልኩ ኢንሱሊን እየለቀቁ ይኖራሉ።

በእኛ ዘንድ የስኳር በሽታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ኪሎው የጨመረ ሰው የሚይዘውን ነው። እርግጥ በዓለም ላይ በብዛት የሚታየው ሁለተኛው ዓይነት የተባለው ይኸው ነው። ኤሊዮትን ያስጨነቃቸው ግን አንደኛው ዓይነት ነበር። እሱ ብዙ ጊዜ ልጆችንና ወጣቶችን የሚይዝ ነው፤ ሰውነትን ከበሽታ ለመጠበቅ የተፈጠሩት ነጭ የደም ሕዋሳት በገዛ ቤታቸው ያሉትን ቤታ ሕዋሳት ጠላት ብለው ይፈጇቸዋል። ልጁ ውኃ እየጠማው፣ ሽንቱ እየበዛ፣ ሥጋው እየቀለጠ ይሄዳል። ኢንሱሊን ካላገኘ ይሞታል።

ኢንሱሊን ያገኘ ልጅም ቢሆን አላረፈም። መርፌው በየቀኑ ነው፤ መጠኑ ከበላውና ከሮጠው ጋር መመጣጠን አለበት። ከበዛ ስኳሩ ይወርድና ልጁ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይስታል። ሕመሙ በቆየበት ሰው ላይ ደግሞ ይህ የማስጠንቀቂያ ምልክት ራሱ ይጠፋና፣ ስኳሩ መውረዱን ሳያውቀው ይወድቃል። እንቅልፋቸውን አቋርጠው፣ በሌሊት ተነሥተው የልጃቸውን ስኳር የሚለኩ ወላጆች የሚፈሩት ይህንን ነው። ሐኪሞች በ1920ዎቹ ኢንሱሊን ሲገኝ ሕመሙ የተሸነፈ መስሏቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ ዓይን ሲጠፋ፣ ኩላሊት ሲደክም፣ እግር ሲቆረጥ ያዩ ጊዜ ግን መርፌው ሕይወት እንደሚያቆይ፣ የቤታ ሕዋስን የደቂቃ በደቂቃ ሥራ ግን እንደማይተካ ገባቸው።

ታዲያ ሕዋሱን ራሱን ለምን አንተካውም? ሐሳቡ ከኢንሱሊን ይቀድማል። በታኅሣሥ 1893 በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ሐኪሞች ገና ከታረደ በግ ቆሽት ሦስት ቁራጭ ወስደው በስኳር ሕመም ሊሞት በተቃረበ የ15 ዓመት ልጅ ቆዳ ሥር ተከሉ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሰው ለምን የእንስሳን ሥጋ እንደማይቀበል በዚያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ይታወቃል፤ ታሪኩም አስደናቂ ነው። አሳማን ጨምሮ አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት በሕዋሶቻቸው ገጽ ላይ አልፋ ጋል የተባለ ትንሽ የስኳር ሰንሰለት ተሸክመው ይኖራሉ። ሰው፣ ዝንጀሮና ጦጣ የሚመዘዙበት የዘር ሐረግ ግን ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ይህንን ሰንሰለት የሚሠራውን ዘረ መል አጥቷል። በአንጀታችን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ተመሳሳይ ሰንሰለት አላቸው። ስለዚህ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰውነታችን በዚህ ስኳር ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሲያመርት ይኖራል፤ በደማችን ከሚዞሩት ፀረ እንግዳ አካላት አንድ በመቶ ያህሉ ይህንን የሚያሳድዱ መሆናቸውን ያሳዩት ኡሪ ጋሊሊ የተባሉ ተመራማሪ ናቸው። በዚህ የተነሣ ያልተለወጠ የአሳማ ኩላሊት ወይም ልብ ከሰው ደም ጋር ሲገናኝ ፀረ እንግዳ አካላቱ ወዲያው ይከመሩበታል፣ የደም ሥሮቹ ይደፈናሉ፣ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ አካሉ ጠቁሮ ይሞታል። ጦርነቱ አሳማው ሳይወለድ፣ በሽተኛውም ሳይታመም የተጀመረ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ እያለ ስለምን አሳማ ተመረጠ? አንደኛ፣ የአሳማ ኢንሱሊን ከሰው ኢንሱሊን የሚለየው ከ51ዱ አሚኖ አሲዶች በአንዷ ብቻ ነው። በ1982 በባክቴሪያ የሚመረት የሰው ኢንሱሊን እስኪፈቀድ ድረስ በዓለም ያሉ የስኳር ሕሙማን በሕይወት የቆዩት ከታረዱ ከብቶችና አሳማዎች ቆሽት በተጨመቀ ኢንሱሊን ነው። ሁለተኛ፣ አሳማ ቶሎ ይራባል፤ የሰው ለጋሽ ግን አይገኝም። በ2000 በካናዳዋ ኤድመንተን ከተማ ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ የቆሽት ደሴቶች የተሰጧቸው ሰባት ሕሙማን ሁሉም ኢንሱሊን መወጋት ሲያቆሙ ዓለም ተደንቆ ነበር። ግን ለአንድ በሽተኛ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ለጋሽ ያስፈልጋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ያለ ኢንሱሊን የቀሩት ደግሞ ከአሥሩ አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ።

አሳማ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ገበታ በማይቀርብበት አገር ላደገ አንባቢ ነገሩ ሊከብደው እንደሚችል አውቃለሁ። በአይሁድ ሕግ የተከለከለው መብላቱ ነው፤ ነፍስ ለማዳን ሲባልም ብዙ ክልከላ ይነሣል። ከእስልምና ሊቃውንትም ሌላ አማራጭ በሌለበት አስገዳጅ ሁኔታ የሚፈቅዱ አሉ። በኒውዚላንድም ጥያቄው ቀላል አልነበረም። በመንግሥት የተቋቋመ የሥነ ምግባር ምክር ቤት የማኦሪ ሕዝቦችን ጨምሮ ሕዝቡን አነጋግሮ በ2005 አስተያየቱን አቅርቧል። ሳይንቲስቶች የሕዝብን እምነትና ስጋት እንደ እንቅፋት ሳይሆን የሥራው አካል አድርገው መቀበል አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥም ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ የሆነው ያ ንግግር ይመስለኛል።

ወደ ኤሊዮት እንመለስ። ሌሎች ተመራማሪዎች የሰውነትን የመከላከል አቅም በመድኃኒት አድክመው እንግዳውን ሕዋስ ለማስቀበል ሲጥሩ፣ እሳቸው ይህንን መንገድ አልፈለጉትም። ምክንያቱ ከሙያቸው የመጣ ነው። ኩላሊቱ የሞተበት አዋቂ ሰው አማራጭ የለውምና ዕድሜውን ሙሉ የመከላከል አቅሙን የሚያደክም መድኃኒት ቢውጥ ያተርፋል። በኢንሱሊን መኖር የሚችል ልጅ ግን መርፌውን ጥሎ ለኢንፌክሽንና ለካንሰር የሚያጋልጥ መድኃኒት እንዲውጥ ማድረግ ለሐኪም ሕሊና የሚከብድ ነው። ስለዚህ ሕዋሱ ያለ ምንም መድኃኒት መኖር አለበት። መንገዱም ሕዋሱን ከጥቃት መከለል ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ገና ሳምንታት ካስቆጠረ ግልገል አሳማ ቆሽቱ ይወሰዳል። ኢንዛይም ቆሽቱን ያፈታታና ደሴቶቹ ከሌላው ሥጋ ይለያሉ፤ ጥቂት ቀናት በሚመች ፈሳሽ ውስጥ ይቆያሉ። ከዚያም ከባሕር አረም ከሚገኝ አልጂኔት ከተባለ ዝልግልግ ነገር ጋር ይቀላቀሉና በጠብታ መልክ ካልሲየም ባለበት ፈሳሽ ላይ ይንጠባጠባሉ። እያንዳንዷ ጠብታ እዚያው ረግታ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ኳስ ትሆናለች፤ በውስጧ ደሴት አለ። ላይዋ በሌላ ስስ ሽፋን ይለበጣል። ሽፋኑ እንደ ሻይ ማጥለያ ነው፤ ኦክስጅን፣ ስኳርና ኢንሱሊን ያልፉበታል፣ ገዳዮቹ ነጭ ሕዋሳት ግን አይገቡም። እነዚህ ኳሶች በሆድ ላይ በምትበጣ ትንሽ ቀዳዳ በኩል በአንጀት ዙሪያ ባለው ክፍተት ውስጥ ይፈስሳሉ። በሽተኛው በማግስቱ ተነሥቶ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።

ኤሊዮት ይህንን ሥራ ወደ ሕሙማን ለማድረስ በ1987 ልጁ የስኳር ሕመም ካለበት አንድ ነጋዴ ጋር ዲያትራንዝ የተባለ ኩባንያ አቋቁመው ነበር። በ1996 የ41 ዓመት ጎልማሳ እንዲህ ያሉትን ኳሶች ተቀበለ። የመከላከል አቅም የሚያደክም መድኃኒት አልተሰጠውም። በ12 ሳምንት ውስጥ የሚወስደው ኢንሱሊን በ30 በመቶ ቀነሰ። ሕዋሳቱ በእርግጥ እየሠሩ መሆናቸው የታወቀበት መንገድ ያስገርማል። አንድ ሕዋስ ኢንሱሊን ሲሠራ ሲ ፔፕታይድ የተባለ ቁራጭ ይተርፋል፤ የአሳማው ቁራጭ ከሰው ይለያል። በሰውየው ሽንት ውስጥ የአሳማው ቁራጭ እስከ 11ኛው ወር ድረስ ተገኘ። ከዚያ ጠፋ። በ49ኛው ሳምንት ሰውየው ወደ ቀድሞው የኢንሱሊን መጠኑ ተመለሰ።

ሥራው እዚህ ላይ እያለ አደጋው ከሌላ በኩል መጣ። በ1997 በለንደን የሮቢን ዋይስ ቡድን በአሳማ ዘረ መል ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ፔርቭ የተባለ ቫይረስ በቤተ ሙከራ የሰውን ሕዋስ ሊይዝ እንደሚችል አሳየ። ይህ ቫይረስ እንደ ሌላው በንጽሕና ወይም በክትባት የሚገላገሉት አይደለም፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ከዘረ መሉ ጋር አብሮ የሚወረስ ነው። ኤች አይ ቪ ከጦጣና ከዝንጀሮ ወደ ሰው ተሻግሮ ያደረሰው እልቂት ከዓይን ባልራቀበት ዘመን፣ ለአንድ በሽተኛ ሲባል ለሕዝብ ሁሉ አዲስ ወረርሽኝ መጋበዝ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከባድ ነበር። በኒውዚላንድ ሙከራው ቆመ። በ2002 የወጣው ሕግም ከእንስሳ ወደ ሰው የሚደረግ ተከላ ያለ ጤና ሚኒስትሩ ፈቃድ እንዳይካሄድ አደረገ።

ብዙዎች እገዳውን የቢሮክራሲ ጭካኔ አድርገው አይተውታል፤ ልጆቻቸው መድኃኒቱን የሚጠብቁ ወላጆች ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን የቆመው በተገቢው ጊዜ ነው ባይ ነኝ። በ1999 የአሳማ ሕዋስ ወይም ደም የነካቸው 160 ያህል ሕሙማን ተመርምረው አንዳቸውም በዚህ ቫይረስ እንዳልተያዙ የታወቀውም፣ ጥያቄው በመነሣቱ ነው። የኦክላንድ ደሴቶቹ አሳማዎችም ፋይዳቸው የታየው በዚሁ ጥያቄ የተነሣ ነው። ሲመረመሩ፣ በሌላ አሳማ የተለመዱ ብዙ ተላላፊ በሽታዎች አልተገኙባቸውም፤ በዘራቸው ያለው ፔርቭም ወደ ሰው ሕዋስ ሲተላለፍ አልታየም። ለረጅም ዘመን የማንንም አሳማ ትንፋሽ ሳይጋሩ በመኖራቸው፣ ገንዘብና ላቦራቶሪ ሊፈጥር ያልቻለውን ነገር ይዘው ተገኙ። መንጋው ከውጭ ዓለም በተከለለ፣ አየሩ ተጣርቶ በሚገባ በረት ውስጥ ተቀመጠ።

እገዳው በቆየበት ጊዜ ሥራው ወደ ሌላ አገር አቀና፤ ይህ የታሪኩ ክፍል ግን ያጠያይቃል። በሜክሲኮ ከተማ ራፋኤል ቫልዴስ ጎንዛሌዝ የተባሉ ሐኪም ከኤሊዮት ቡድን ጋር ሆነው የአሳማ ደሴቶችን በአፍላ ወጣቶች ቆዳ ሥር ተከሉ። ከታካሚዎቹ የኢንሱሊን መጠናቸው የቀነሰ ነበሩ። የዓለም አቀፉ የዘርፉ ሳይንቲስቶች ማኅበር ግን ቅድመ ምርመራው በቂ ሳይሆን፣ ቁጥጥሩም ሳይጠነክር በልጆች ላይ መሞከሩን በጽኑ ተቃወመ። ለልጆች መጨነቅ ኤሊዮትን ወደዚህ ሥራ እንዳመጣቸው አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ልጆችን ከአዋቂዎች በፊት ማስቀደም ትክክል አልነበረም፣ ተቺዎቹም ልክ ነበሩ።

በዚህ መሀል በ1996 ኳሶቹን የተቀበለው ሰው ከዘጠኝ ዓመት ተኩል በኋላ እንደገና ምርመራ ክፍል ገባ። ሐኪሞቹ በሆዱ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገቡ። ኳሶቹ እዚያው ነበሩ፤ በአንጀቱ ዙሪያ ባለው ሽፋን ላይ ተበታትነው ጉብ ጉብ ብለዋል። ጥቂቶቹን አውጥተው በአጉሊ መነጽር ሲያዩ በውስጣቸው ሕይወት ያላቸው ሕዋሳት አገኙ። ኢንሱሊን የያዙት ጥቂት ነበሩ፤ ሆኖም ብዙ ስኳር ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ሲቀመጡ ትንሽ ኢንሱሊን ለቀቁ። ሰውየው ስኳር ሲጠጣም በደሙ ውስጥ የአሳማ ኢንሱሊን በመጠኑ ከፍ አለ። የአሳማው ቫይረስ ምልክት ግን አልነበረም። ውጤቱ በ2007 ታተመ።

በዚህ ሥራ ላይ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ሕዋሱ በባዕድ ሰውነት ውስጥ፣ ያለ መድኃኒት፣ ለአሥር ዓመት ያህል ኖሯል፤ ይህ መከለሉ እንደሚሠራ ያሳያል። ግን ሰውየው ኢንሱሊን መወጋቱን አላቆመም። ስለምን? በጤናማ ቆሽት ውስጥ እነዚያ ጥቃቅን ደሴቶች ከመጠናቸው እጅግ የበዛ ደም ይደርሳቸዋል። በኳስ የተከለለ ሕዋስ ግን የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅኑ በሽፋኑ አልፎ ቀስ እያለ የሚደርሰውን ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ደግሞ ኳሱን ባይሰብረውም እንደ ገባ እሾህ በጠባሳ ይሸፍነዋል። ነጭ ሕዋስ እንዳይገባ የተሠራው ግድግዳ ሕዋሱን አዳነው፤ ግን አስራበው። በዘርፉ ያሉ ሰዎች ለሠላሳ ዓመት የታገሉት ከዚህ ጋር ነው።

በ2009 አዲስ የሙከራ ዙር በኦክላንድ ሚድልሞር ሆስፒታል ተጀመረ፤ 14 አዋቂዎች ተሳተፉ። በሩሲያና በአርጀንቲናም ተመሳሳይ ሙከራዎች ተደርገዋል። የኤሊዮት ኩባንያ በዚህ ጊዜ ሊቪንግ ሴል ቴክኖሎጂስ የሚል ስም ይዞ ነበር። ውጤቱ እንደ ተጠበቀው አልሆነም፤ ባዶም አልነበረም። ስኳራቸው ሳያውቁት የሚወርድባቸው ሕሙማን የመውደቃቸው ብዛት ቀነሰ። በአርጀንቲና የደም ስኳራቸው ለረጅም ጊዜ የተሻለላቸው ነበሩ። ከተሳታፊዎቹ የአሳማ ቫይረስ የያዘው አልተገኘም። ኢንሱሊንን እርግፍ አድርጎ በዘላቂነት የተወ ግን አልነበረም። ኤሊዮት ይህንን አይተው በ2020 አረፉ።

ስለ እኚህ ሰው ሲነገር ያልተሳካውም መነገር አለበት። አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ለምን በአንዳንድ ሕዝብ እንደሚበረታ ሲመረምሩ፣ በሳሞዋ ደሴት ሕመሙ እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ ወደ ኒውዚላንድ በመጡ ሳሞዋውያን ልጆች ላይ መታየቱን አስተዋሉ። ጥርጣሬያቸውም በላም ወተት ውስጥ ባለ አንድ ፕሮቲን ላይ ወደቀ። ከሥራቸው ተነሥቶ ልዩ ወተት የሚሸጥ ንግድ እስከ መፈጠር ደረሰ፤ ነገር ግን ወተቱ ሕመሙን ያመጣል የሚለው እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ኒኮቲናማይድ የተባለ የቫይታሚን ዓይነት ሕመሙን ይከላከላል ብለው በሺዎች በሚቆጠሩ የኦክላንድ ተማሪዎች መካከል ያደረጉት ምርመራ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በ2004 የወጣው ትልቁ የአውሮፓ ጥናት ግን ጥቅም እንደሌለው ደመደመ። ሆኖም የስደተኞቹ ልጆች ጥያቄ አሁንም ሕያው ነው። በእስራኤል ያሉ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ በሄዱት ቤተ እስራኤል ልጆች ላይ ሕመሙን አጥንተው በ2004 ባሳተሙት ሥራ፣ ከዘር ዝግጁነት በተጨማሪ አዲሱ አካባቢ ድርሻ እንዳለው ገልጸዋል። ምን ተለወጠ? ምግቡ፣ ተዋሲያኑ፣ ፀሐዩ፣ ወይስ ሁሉም? መልስ የለም።

አሁን ዘርፉ በሌላ ጎዳና እየገሰገሰ ነው። አልፋ ጋልን የሚሠራው ዘረ መል የተሰረዘላቸው አሳማዎች ከ2002 ጀምሮ ተወልደዋል፤ የፔርቭ ቅጂዎች በሙሉ የተሰናከሉባቸው አሳማዎች ደግሞ በ2017 ተወለዱ። በጥር 2022 በሜሪላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘረ መሉ የተስተካከለ የአሳማ ልብ ለሰው ተተከለ። በሽተኛው ሁለት ወር ኖረ፤ በተተከለለት ልብ ውስጥም በቅድመ ምርመራ ያልታየ የአሳማ ቫይረስ መኖሩ ታወቀ። ይህ ለሟቹ ሞት ድርሻ ነበረው ወይ የሚለው አከራካሪ ቢሆንም፣ የኢንቨርካርጊሉ በረት ለምን ያን ያህል እንደ ተከለለ ለሚጠይቅ ሰው በቂ መልስ ነው። በመጋቢት 2024 በቦስተን የመጀመሪያው እንዲህ ያለ የአሳማ ኩላሊት ለታካሚ ተተከለ። ለቆሽት ሕዋስ ደግሞ አሳማውን ጨርሶ የማይፈልግ መንገድ ተከፍቷል፤ ከሰው ግንደ ሕዋስ በቤተ ሙከራ የተሠሩ ደሴቶች በደም ሥር ተሰጥተዋቸው፣ በ2025 በታተመው ውጤት ከ12 ሕሙማን አሥሩ ከዓመት በኋላ ኢንሱሊን መወጋት አላስፈለጋቸውም። ከሰላሳ ዓመት በፊት ይህንን የተነበየ ሰው ህልመኛ ይባል ነበር።

ነገር ግን እነዚህ 12 ሰዎች የመከላከል አቅማቸውን የሚያደክም መድኃኒት ይወስዳሉ። የኤሊዮት ጥያቄ ወደ ጠረጴዛው የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። በ2025 በስዊድን የኡፕሳላ ሐኪሞች ያሳዩት ሥራ ያስደሰተኝም ለዚህ ነው፤ ከሞተ ሰው የተወሰዱ ሕዋሳትን ዘረ መል አስተካክለው፣ ነጭ ሕዋሳት እንግዳ መሆናቸውን እንዳያውቁ አድርገው፣ በአንድ ሰው ክንድ ጡንቻ ውስጥ ያለ አንዳች መድኃኒት ተከሉ። መጠኑ ትንሽ ስለነበር ሰውየው ኢንሱሊን መወጋቱን አላቆመም፤ ሕዋሳቱ ግን ከሦስት ወር በኋላም በሕይወት ነበሩ፣ ኢንሱሊንም ይሠሩ ነበር። ይህ ከሻይ ማጥለያው የተለየ ብልሃት ነው፤ ሕዋሱ ደም ያገኛል፣ በግድግዳም አይታፈንም።

ሕዋሱ ያለ መድኃኒት ይኖራል ወይ የሚለው ጥያቄ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሌሎች ይበልጥ ያገባናል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት የደከሙት፣ ኢንሱሊን ፍለጋ ሩቅ መንገድ በእግራቸው የሚመጡ የገጠር ሕሙማን በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ፣ በሠለጠነ ነርስ እጅ እንዲታከሙ ነው። በእኛ አገር የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር ቀዶ ሕክምናው ራሱ ትልቅ እመርታ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜ ልክ የሚወሰደው መድኃኒትና በየጊዜው የሚደረገው የደም ምርመራ አለ፤ ይህንን ጎንደር ከተማ ያለ ታካሚ እንኳ በብዙ ድካም ነው የሚያገኘው። ከጤና ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ ላይ ያለች የ12 ዓመት ልጅ በሕይወቷ ሙሉ የመከላከል አቅሟን የሚያደክም መድኃኒት እንድትወስድ የሚጠይቅ ሕክምና፣ ለእሷ ሕክምና አይደለም። ያለ መድኃኒት የሚኖር ሕዋስ ግን፣ ከአሳማም ይምጣ ከሰው፣ አንዴ ተተክሎ ለዓመታት ቢሠራ፣ ኢንሱሊን የምታስቀምጥበት ማቀዝቀዣ የሌላትን ይህችን ልጅ ከማንም በላይ ይጠቅማታል። የሚቀጥሉት ሙከራዎች የት እንደሚደረጉና ለማን እንደሚታሰቡ የሚወስኑ ሰዎች ስሌቱን ከእሷ እንዲጀምሩ እጠይቃለሁ።